ያልተሸፈነ ፊት

መልክን የሚያስከብረው ቅባት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን የሕንዷን ተዋናይት የሳይ ፓላቪን አኗኗር ስመለከት ነገሩ ሌላ ሆኖ ይታየኛል። ይህች ወይዘሪት በጆርጂያ አገር፣ በትብሊሲ ከተማ፣ ሕክምና የተማረች ናት። በ2015 እ.አ.አ. «ፕሬማም» በተባለው ፊልም መምህርት ሆና ስትሠራ፣ ቀላል ሳሪ ለብሳ፣ የፊቷን ብጉር በፓውደር ሳትሸፍን ታየች፤ ሕዝቡም ወደዳት። በ2019 እ.አ.አ. ደግሞ፣ ቆዳ ያቀላል የተባለ ቅባት እንድታስተዋውቅ ብዙ ገንዘብ ቢቀርብላት፣ የሕንዳውያን መልክ የሚታፈርበት አይደለም በማለት እምቢ አለች።

በእኛም አገር ጠይሟን ልጅ «ምነው ትንሽ ቀላ ባልሽ!» የሚሉ አሉ። ጠይም ነኝና ይህን ቃል አውቀዋለሁ፤ ከጆሮ ቶሎ አይወጣም። እንግዲህ እኅቶቼ ሆይ፣ ቅባቱን ከመግዛታችን በፊት፣ ገንዘቡን ትታ መልኳን የመረጠችውን ሴት እናስታውስ።