የሚና ንግግርና የራስ ንግግር፦ በገና ሜዳና በጌም ሰርቨር

«ሮልፕሌይ» በሚባለው የኢንተርኔት ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች የፖሊስ፣ የነጋዴ፣ የሽፍታ ወይም የሐኪም ሚና ይዞ በዚያው ሚና ስም ይናገራል፣ በዚያው ስም ይሠራል፤ ማሸነፍና መሸነፍ ሁለተኛ ነገር ሆኖ ንግግሩ ራሱ ጨዋታ ይሆናል። ተጫዋቾቹን በአንድ ጊዜ የሚያገናኘው ኮምፒውተር ሰርቨር፣ በውስጡ መልእክት የሚተላለፍባቸው ልዩ ልዩ መስመሮች ደግሞ ቻናል ይባላሉ። እንዲህ ያለ ሰርቨር የሚያቋቁም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ችግር የትኛው ቃል ከሚናው፣ የትኛው ከተጫዋቹ ከራሱ እንደ ወጣ መለየት ነው፤ ሽፍታ ሆኖ የሚጫወት ሰው «መንገድ ጠብቄ እገድልሃለሁ» ቢል ጨዋታው ደርቷል ማለት ሲሆን፣ ያንኑ ቃል በራሱ ስም ቢጽፈው ግን በሕግ የሚያስጠይቅ ዛቻ ይሆናልና።

ከመርጡለ ማርያም፣ ከቢቸና ወይም ከሞጣ ወጥተው በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በለንደን የሚኖሩ ወላጆች፣ ልጃቸው ሌሊት ማይክሮፎን ሰክቶ በማያውቁት ስም ሲሟገት ሰምተው ነገሩን የፈረንጅ አገር ዕብደት ቢያደርጉት አይፈረድባቸውም። ይሁን እንጂ ችግሩም ሆነ መፍትሔው ለምሥራቅ ጎጃም እንግዳ አይደለም። በአገር ቤት የሚናውን ንግግር ከራስ ንግግር የሚለዩት ቀን፣ ቦታ፣ አለባበስና ዳኛ ሲሆኑ፣ በሰርቨር ላይ ያንኑ ሥራ የሚሠሩት ትእዛዝ፣ ቅንፍና የፈቃድ ደረጃ ናቸው።

ለዚህ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ የገና ጨዋታ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28፣ ጾሙ ተፈትቶ ከተበላና ከተጠጣ በኋላ ወንዶች ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይዘው ሜዳ ይወርዳሉ፤ በሁለት ወገን ተከፍለውም ሩር የምትባለውን ድቡልቡል ኳስ እየመቱ ወደ ተቃራኒው ወሰን ለማድረስ ይታገላሉ። ድል የቀናው ወገን ተሸናፊውን በግጥም ይሰድባል፤ ከተሸናፊዎቹ መካከል ባላባትም ይኑር ዳኛ ከስድቡ አያመልጥም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው አባባል የዚህ ሜዳ ሕግ ነው። የስድቡ በግጥም መሆን እንደ ጌጥ ብቻ መታየት የለበትም፤ በግጥም የተሰደበ ሰው በግጥም ይመልሳል፣ በተራ ቃል ከመለሰ ግን ሁሉም ሰው ነገሩ ወደ ጠብ መዞሩን በዚያው ቅጽበት ያውቀዋል። ስለዚህ ግጥሙ ራሱ የቻናል ምልክት ነበር ማለት ይቻላል። ያንኑ ግጥም በማግስቱ በጌታው ደጅ ቆሞ የሚደግም ሰው ግን ጨዋታ አዋቂ መባሉ ይቀርና ባለጌ ይባላል፤ ቃሉ አልተለወጠም፣ የተለወጡት ቀኑና ቦታው ናቸው።

የቀድሞው ሙግት ከዚህ ትንሽ ይለያል። «በላ ልበልሃ» በሚባለው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸውን አደግድገው፣ ማለትም ከትከሻ አውርደው በአክብሮት ታጥቀው፣ በዳኛ ፊት በቃል ውበት ይከራከሩ ነበር፤ ማር እሰጥ፣ በቅሎ እሰጥ እየተባለም ውርርድ ይያዝ ነበር። እዚህ ላይ ተሟጋቹ የሚናገረው በተለየ ድምፅና በተለየ አቋም ቢሆንም ክሱ የእውነት ነበር፣ የተረታም ይከፍል ነበር። ሚናና ማንነት እንዲህ በተደራረቡበት ቦታ ተራ የሚሰጥና የሚያስቆም ዳኛ የግድ ያስፈልግ እንደ ነበር ልብ ይሏል።

ሚናን ከራስ ለመለየት በውጭው ዓለም የተሄደበት መንገድ የተጀመረው በጽሑፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትሩብሾና ሪቻርድ ባርትል የሠሩት «መድ» የተባለ ጨዋታ ሥዕል አልነበረውም፤ ተጫዋቾች በምናባዊ ክፍሎች ውስጥ እየተዘዋወሩ በጽሑፍ ይነጋገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ፊንላንዳዊው ያርኮ ኦይካሪነን የፈጠረው «አይ አር ሲ» የተባለው የመነጋገሪያ ሥርዓት ቻናል የሚለውን ስምና አሠራር አስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው «ሰከንድ ላይፍ» ደግሞ ንግግርን በርቀት ለካው፤ በሹክሹክታ የተጻፈ እስከ 10 ሜትር፣ ተራ ንግግር እስከ 20 ሜትር፣ ጩኸት እስከ 100 ሜትር ድረስ ላለ ሰው ብቻ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው «ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት» ለሮልፕሌይ ብቻ የተመደቡ ሰርቨሮች ነበሩት፤ በጨዋታውም ውስጥ የሁለቱ ጠላት ወገኖች ተጫዋቾች የሚጻጻፉት ለተቃራኒው ወገን ትርጉም የሌለው ፊደል ሆኖ እንዲታይ ተደርጎ ነበር።

ዛሬ አንድ የሮልፕሌይ ሰርቨር ሲቋቋም ከሁሉ በፊት የሚዘረጋው የቅርብ ንግግር መስመር ነው፤ እዚህ የሚጻፍ ወይም የሚነገር ነገር ሁሉ የሚናው ቃል ተደርጎ ይወሰዳል፣ የሚሰማውም በምናባዊው ዓለም አጠገቡ የቆመ ብቻ ነው። ከእርሱ ጋር የድርጊት መስመር ይታከላል። ተጫዋቹ እዝባር አስቀድሞ «ሚ» የሚለውን ትእዛዝ ከጻፈ በኋላ «ባርኔጣውን አውልቆ ደጁ ላይ ቆመ» ቢል፣ ዓረፍተ ነገሩ በፊቱ የሚናው ስም ተጨምሮበት እንደ ተራኪ ቃል ለሌሎቹ ይታያል። ከሚና ውጪ መናገር የፈለገ፣ ለምሳሌ ስልክ ተደውሎለት የሚነሣ ሰው፣ ቃሉን በድርብ ቅንፍ ውስጥ ያስገባል፤ ረዘም ላለ ወሬ ደግሞ ራሱን የቻለ ከሚና ውጪ የሆነ ቻናል አለ። አቤቱታ ለአስተዳዳሪዎች ብቻ በሚታይ መስመር ይቀርባል፤ ማስታወቂያ ሁሉም በሚያነበው፣ ነገር ግን ጥቂቶች ብቻ በሚጽፉበት መስመር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው «ዲስኮርድ» የተባለው የመነጋገሪያ መድረክ ይህን የመጻፍና የማንበብ ፈቃድ ለእያንዳንዱ የሰው መደብ ለይቶ ለመስጠት ስለሚያመች ከጨዋታው ጎን የሚቆም የሰርቨሩ አዳራሽ ሆኗል።

በጀማሪ አስተዳዳሪዎች ዘንድ የሚበዛው ስሕተት ቻናል ማብዛት ነው። ሃያ ሰው ለማይሞላ ሰርቨር ለገበያው፣ ለጠጅ ቤቱ፣ ለእስር ቤቱ፣ ለቀልዱ፣ ለፎቶው የየራሱ ክፍል ሲከፈትለት ሁሉም ክፍል ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ክፍል ያየ እንግዳም ተመልሶ አይመጣም። ሁለት የሚና መስመር፣ አንድ ከሚና ውጪ፣ አንድ የአቤቱታና አንድ የማስታወቂያ መስመር ለመነሻ ይበቃሉ።

በሰርቨር ላይ እንደ ትልቅ ነውር የሚቆጠረው «ሜታጌሚንግ» የሚባለው ድርጊት ሲሆን፣ ይህም ተጫዋቹ ከሚና ውጪ የሰማውን ነገር በሚናው ውስጥ እንደሚያውቀው አድርጎ መጠቀም ነው። ሽፍታው የተደበቀበትን ዋሻ በወሬ ቻናል ያነበበ ፖሊስ በቀጥታ ወደ ዋሻው ቢሄድ ጨዋታውን ያፈርሳል። የመርጡለ ማርያም ሽማግሌ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ በኑዛዜ የሰማውን ይዞ በጽዋ ማኅበር ከዚያው ከተናዛዡ ጎን የሚቀመጠውና በፊቱ ምንም የማያሳየው የነፍስ አባት ሁለት ቻናል በአንድ ልብ ውስጥ ለይቶ የሚይዝ ሰው ነው። ልዩነቱ የነፍስ አባትን የሚያስረው ሃይማኖት ሲሆን፣ ተጫዋቹን የሚያስረው የአስተዳዳሪው ቅጣት ብቻ መሆኑ ነው።

በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ቻናል ማቋቋምን የተማሩት ከጨዋታ ይልቅ ከፖለቲካና ከኀዘን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው «ፓልቶክ» የተባለው የኢንተርኔት መነጋገሪያ በ2000ዎቹ ዓመታት የዲያስፖራው የክርክር አዳራሽ በሆነበት ጊዜ ተናጋሪው በብዕር ስም ይገባል፣ እጅ ያወጣል፣ ተራው ሲደርስ ማይክ ይይዛል፤ ሥርዓት ያጓደለውን አስተዳዳሪው ቀይ ነጥብ አድርጎበት ዝም ያሰኘዋል። አሠራሩ ከወርካ ሥር ችሎት ብዙ አይርቅም፤ ዳኛ አለ፣ ተራ አለ፣ አስማሚም አለ። በኋላ በፓልቶክ ቦታ የተተካው ቴሌግራም ግን ሁሉን በአንድ ከረጢት የጨመረ ነው። የአንድ አካባቢ ተወላጆች ግሩፕ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ መዋጮ፣ የሠርግ ፎቶ፣ የፖለቲካ ስድብ፣ ፌዝና የሞት ዜና በአንድ ዓምድ ይወርዳሉ፤ ከቀልድ ሥር የተጻፈ ቁም ነገር እንደ ቀልድ፣ ከቁም ነገር ሥር የተጻፈ ቀልድ እንደ ስድብ ይነበባል።

ከሁሉ የከፋው መርዶ ነው። በአገር ቤት መርዶ የራሱ ሰዓትና የራሱ አፍ አለው፤ ዘመድና ጎረቤት ተመካክሮ፣ በማለዳ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ብቻውን በማይሆንበት ሁኔታ ይነገረዋል። በውጭም ይኸው ልማድ ተጠብቆ፣ የሟች ልጅ ሳይሰማ ወዳጆቹ ሌሊቱን በስልክ ተጠራርተው ንጋት ላይ በሩን ያንኳኳሉ። «ነፍስ ይማር» የሚል አንድ አጭር ጽሑፍ በግሩፑ ውስጥ ሲወጣ ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ ይቀራል፤ ልጁ በሥራ ቦታው፣ በአውቶቡስ ውስጥ፣ ስልኩን ሲከፍት ያነበዋል። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው አንድን ግሩፕ በርእስ የመከፋፈል አሠራር ለመዋጮና ለፎቶ በቂ ነው፤ ለመርዶ ግን አይበቃም፣ ክፍሉ ሁሉም የሚገባበት ነውና። የሮልፕሌይ ሰርቨሮች የፈቃድ አሠራር እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ በየከተማው አንድ ወይም ሁለት ታማኝ ሰዎች ብቻ የሚያዩት መስመር ተከፍቶ፣ ዜናው በእነርሱ ብቻ አልፎ፣ ለዘመዱ በአካል ከተነገረ በኋላ ለሁሉ የሚታወጅበት ሥርዓት ሊዘረጋ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠበት ወቅት ከአገር ቤት ወሬ የሚመጣው በስልክ ጥሪ ብቻ ስለ ነበር፣ እንዲህ ያሉ አድራሾች ያለ ማንም ሹመት ሥራውን ይሠሩት እንደ ነበርም መዘንጋት የለበትም።

በአማርኛ የሚጫወቱ ወጣቶች ሌላም እንቅፋት አለባቸው፤ በርካታ ጨዋታዎች የግእዝ ፊደልን በባዶ ሳጥን ስለሚያሳዩት አማርኛው በላቲን ፊደል ይጻፋል፣ የገና ግጥም ደግሞ እንዲያ ተጽፎ ቤት መምታቱን ለማየት ያስቸግራል። በድምፅ ቻናል መጫወት ይህን ይፈታል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰርቨሩ ከሜዳው ጋር ሊስተካከል ያልቻለበት አንድ ነገር ይቀራል። በገና ሜዳ የተነገረው ስድብ ከሰሚዎቹ ትዝታ በቀር መዝገብ የለውም፤ በሰርቨር ላይ የተጻፈው ግን ተከማችቶ ይቆያል፣ ከሚናው ተነጥሎም በስክሪንሾት ሊወጣ ይችላል። ሽፍታ ሆኖ የዛተው ልጅ ቃል ያለ ሽፍታው ስም፣ ያለ ቅንፉና ያለ ቻናሉ ለትምህርት ቤቱ ወይም ለአሠሪው ቢቀርብ ጨዋታ እንደ ነበር የሚመሰክርለት ሜዳ የለም። አንዳንድ አስተዳዳሪዎች የሚናውን ንግግር በየጊዜው ሲያጠፉ፣ ሌሎች አቤቱታ ቢመጣ ማስረጃ ያስፈልጋል በማለት ያኖሩታል። ማስረጃውን ለአቤቱታ ያህል አቆይቶ ጨዋታውን ማጥፋት ይሻላል፤ ይህም የሚሆነው የጽሑፉን ክምችት የሚይዘው ሰው በዚያው ጨዋታ ውስጥ ሚና የሌለው ከሆነ ብቻ ነው።