ጮቄን ማን ይከልለው?

መንገዱ ሰላም ሲሆን ከደብረ ማርቆስ በረቡዕ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ ይውጡ፤ ጋቢዎን ግን አይርሱ፣ ከፍታው ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በከተማዋ አጠገብ የሚያልፈው ጨሞጋ የሚነሣው ከዚሁ ነው። የገብሱ ማሳ ወደ ጅብራው ተጠግቷል፤ አስታው ለማገዶ እየተቆረጠ ሳስቷል።

“ይከለል” ማለት ቀላል ነው። “በጎቻችሁን የት ታሰማራላችሁ? በምን ትጋግራላችሁ?” ብሎ ያልጠየቀ ክልል ግን ሌሊት ይፈርሳል።

የመንዝ ሕዝብ ጓሳን በቀሮ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቋል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሕዝቡ የመረጣቸው አለቆች ሲፈቅዱ ለቤት ክዳን ይታጨዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ነዋሪዎቹ በኮሚቴ ጥበቃውን ቀጠሉ።

ጮቄ ከባለቤትዎ ጋር ከሄዱ አንዳችሁ እረኞቹን፣ አንዳችሁ እንጨት የተሸከሙትን እናቶች ድንበሩ በየት ይለፍ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ አንድ ላይሆን ይችላል።