ከፍጥነቱ በፊት

ፈጣን ሞተር ጀልባ ገዝተው ጣና ላይ ሊነዱ አስበዋል? እንግዲያው መጀመሪያ አየሩን ያስቡ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ የተለመደው የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል።

እኔ የእኛን ጀልባ የመጀመሪያዎቹን 10 ሰዓታት በእርጋታ ካለማመድኳት በኋላ፣ በቤተሰቤ ክብደት ልክ የአሸዋ ከረጢት ጭኜ ፈተንኳት። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ብሰጣትም የሞተሩ ዙር መመሪያው ከሚለው በታች ቀረ፤ በአራተኛ ማርሽ አቀበት እንደሚወጣ መኪና አቃሰተ። መፍትሔው ፕሮፔለሩን መቀየር ነው። ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት በ1 ኢንች ሲያጥር ሞተሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል። በ2 ኢንች የሚያጥረውን ገጠምኩላት፤ ሞተሩ እፎይ አለ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ቀጭን ገመድ ነው። አንዱ ጫፉ ከሞተሩ ማጥፊያ፣ ሌላው ከነጂው ጋር ይያያዛል። ነጂው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩን ያጠፋል፤ አለዚያ ባዶዋ ጀልባ ዞራ የወደቀውን ሰው ልትመታው ትችላለች። ይህን ለልጆችዎም ያስተምሯቸው። የእኔዋ «አባዬ፣ ገመዱን አሰርከው?» ሳትለኝ ከዳር አንነሳም።