የአግዳሚው ወንበር ሰዎች

ወንድሜ ከታመመ አራት ዓመቱ ነው። ስኪዞፍሬኒያ። ቃሉን ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው፤ እኛ ቤት ስሙ «ያ ነገር» ነው። ጎረቤት ሲጠይቅ እማዬ «ትንሽ አሞት ነው» ትላለች። አራት ዓመት ሙሉ ትንሽ አሞት።

በየወሩ አዲስ አበባ ወዳለ አንድ ሆስፒታል ይዘነው እንሄዳለን። ሁለት ሰዓት ወረፋ፣ አምስት ደቂቃ ምርመራ። «መድኃኒቱን ይወስዳል? እንቅልፍስ?» ከዚያ ማዘዣ። እማዬን «እርስዎስ እንዴት ነዎት?» ያላት የለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ብያት አላውቅም።

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው፤ ያልገባኝን ነገር ማታ ማታ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አድራለሁ። አንድ ማታ ብዙ ቤተሰቦች አብረው የሚታከሙበት ዘዴ እንዳለ አነበብኩ። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ዊልያም ማክፋርሌን ያደራጀው ነው። ባለሙያዎቹ መጀመሪያ እያንዳንዱን ቤተሰብ ለብቻ ያገኛሉ፤ ቀጥሎ ስለ በሽታው ለሁሉም ትምህርት ይሰጣሉ። ከዚያ ከአምስት እስከ ስምንት የሚሆኑ ቤተሰቦች ከታማሚዎቻቸው ጋር በየሁለት ሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ተኩል ይቀመጣሉ። በተራ ጨዋታ ይጀምሩና አንድ ችግር ብቻ ይመርጣሉ፤ ለምሳሌ «ልጄ መድኃኒቱን ይደብቃል»። ሁሉም ሐሳብ ያዋጣል፣ ጥቅምና ጉዳቱ ይመዘናል፣ ባለጉዳዩ አንዱን ቤቱ ወስዶ ይሞክራል፣ ተመልሶም ምን እንደሆነ ይናገራል። በ1995 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናታቸው፣ በቡድን ከታከሙት መካከል በሽታው ያገረሸባቸው፣ ቤተሰባቸው ለብቻው ከተማረላቸው ያነሱ ነበሩ።

በቀጠሯችን ቀን ነርሷን ጠየቅኳት።

«ሲስተር፣ ይሄን ነገር ታውቂዋለሽ?»

«ለፈተና አንድ ገጽ አንብቤያለሁ» አለችኝ። «ሲሠራ ግን አይቼ አላውቅም። እስቲ ውጭ ያለውን ሰው እየው።»

ተናደድኩ። ጠረጴዛዋ ላይ የተቆለሉትን ካርዶች ሳይ ግን ንዴቴ የት እንደሚያርፍ ጠፋኝ። ያላየችውን ነገር በአንድ ገጽ እንዴት ትሥራው?

ታክሲ ውስጥ ለእማዬ ነገርኳት። «በሰው ፊት? ገበናዬን?» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

በሚቀጥለው ወር ወረፋ ላይ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። እማዬ አግዳሚው ወንበር ላይ ከጎኗ ካለች ሴት ጋር ታንሾካሹካለች።

«የኔው ማታ ነው የሚብስበት።»

«የኔም! ሬዲዮ ዝቅ አድርጌ ስከፍትለት ግን ትንሽ ይረጋጋል።»

እማዬ «እውነትሽን ነው?» ብላ ጠጋ አለች። ወንድሜና የሴትየዋ ልጅ አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ከአንድ ላስቲክ ቆሎ ይበላሉ።

ተራችን ሲደርስ ያየሁትን ለነርሷ ነገርኳት። በሩ ላይ ቆማ አግዳሚውን ትንሽ አየችው። «ሐሙስ ከሰዓት ይሄ ክፍል ባዶ ነው» አለች።

እስካሁን ሁለት ሐሙስ ተቀምጠናል፤ አራት ቤተሰብ ነን። ያ ያነበብኩት ሕክምና ይሄ ነው አልልም። ነርሷ ራሷ «ለዚህ አልሠለጠንኩም፤ አለቆቼን ሥልጠና ጠይቄያለሁ» ብላናለች። በመጀመሪያው ሐሙስ እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። በሁለተኛው ተራዋ ሲደርስ ወንድሜን አየችው፤ እሱም በራሱ እሺ አላት።

«ልጄ ስኪዞፍሬኒያ አለበት» አለች። «እኔ ደግሞ ደክሞኛል።»

የመጀመሪያውን አውቅ ነበር።