ተረከዜና እኔ

አምና አራት ወር ሙሉ ጎረቤቶቼ ውሃ ሲቀዱልኝ ኖሩ። ወባ ይዞኝ አልነበረም፤ እጄም ደኅና ነበረ። የቀኝ እግሬ ተረከዝ ሃያ ሊትር ጄሪካን ይዤ ከቦኖው እስከ ደጃፌ ሊያደርሰኝ ስላልቻለ ነው። ጉዳቱን ያመጣሁት እኔው ራሴ፣ በሩጫ ነው። ዛሬ ብዕር ያነሣሁትም ያን ስሕተቴንና ከዚያ ወዲህ የተማርሁትን ለእናንተ ለወገኖቼ ለማካፈል ነው። በየብሎኩ ጧት ጧት እያነከሰ የሚሮጥ ሰው ማየቴ አልቀረምና።

እኔ ሯጭ ሆኜ አላደግሁም። አገር ቤት ሳለሁ የምሮጠው አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ሲል ብቻ ነበረ። እዚህ ካኩማ ግን ቀኑ ረጅም ነው። "ፋይሌ የት ደረሰ?" እያልሁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ከመቆም ይሻላል ብዬ ከጎረቤቴ ልጅ ጋር በታራች ደረቅ ወንዝ ዳር ዱብ ዱብ ማለት ጀመርሁ። እርሱ ገና 19 ዓመቱ ነው፤ እኔ 46 ሞልቶኛል። "ጋሼ" እያለ ያከብረኛል፣ ሲሮጥ ግን አይጠብቀኝም።

ከዚህ ካምፕ የወጡ ሯጮች በ2008 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2016) በሪዮ ዴ ጃኔሮ ኦሊምፒክ መወዳደራቸውን ብዙዎቻችን እናውቃለን። በመጀመሪያው የስደተኞች ቡድን ከነበሩት 10 ስፖርተኞች 5ቱ ካኩማ ያደጉ የደቡብ ሱዳን ልጆች ነበሩ። በዚያው ቡድን ማራቶን የሮጠው ደግሞ በሉክሰምበርግ በስደት ይኖር የነበረው ወገናችን ዮናስ ክንዴ ነው፤ በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ጨረሰ። ልጁ ይህን ከሰማ ወዲህ "እኛስ ማራቶን ለምን አንሮጥም?" እያለ መግቢያ መውጫ አሳጣኝ።

ውድድር ወዳለበት ከተማ ለመሄድ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ማራቶኑን ወደ እኛ አመጣነው። የአንድ ብስክሌት ጎማ ዙሪያው 2 ሜትር ከ20 መሆኑን በገመድ ለካን፤ በጎማው ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርንና 1364 ጊዜ እስኪዞር እየቆጠርን ብስክሌቱን ገፋን። 3 ኪሎ ሜትር የሚሆን ክብ መንገድ ወጣልን። ይህን 14 ጊዜ ለዞረ ሰው 42 ኪሎ ሜትር ነው፤ የቀረችውን 195 ሜትር እስከ ትልቁ ግራር ድረስ ለካናት።

እንግዲህ ስሕተቱ እዚህ ላይ ይጀምራል። በሳምንት 20 ኪሎ ሜትር እሮጥ የነበርሁት ሰውዬ በአንድ ወር ውስጥ 50 አደረስሁት። ጧት ከመኝታዬ ስነሣ ተረከዜ ከበላዩ እንደ ደረቀ ቆዳ ግትር ይል ጀመር። ጥቂት እርምጃ ስሄድ ይለቀኛል፤ መሮጥ ስጀምር እስኪሞቅ ድረስ ይነዘንዘኛል፤ ከዚያ ጭራሽ ይጠፋል። ማታ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። "ሲሞቅ የሚጠፋ ሕመም ምን ሕመም ነው?" ብዬ ናቅሁት። ሲብስብኝ ከሱቅ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ገዝቼ እየዋጥሁ ሮጥሁ። ሕመሙ ሲጠፋ ጉዳቱም የጠፋ መሰለኝ። አንድ ቀን 25 ኪሎ ሜትር ሮጥሁና በማግሥቱ ተረከዜን መሬት ማስነካት አቃተኝ።

በሠፈራችን እንደ ሜዳ የሚያገለግል እግር የለም። በእግራችን ውሃ እንቀዳለን፤ ራሽን እንሰለፋለን፤ እንጨት እንለቅማለን። አንዱ ሲቀመጥ የእርሱ ሸክም በሌላው ትከሻ ላይ ይወድቃል። የኔ ሸክም የወደቀው የራሳቸው ጀርባ በሚያማቸው በአንዲት እናት ላይ ነበረ። እማማ አንድ ቀን ጄሪካኑን ደጄ ላይ አስቀምጠው፣ ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ "ልጄ፣ ሩጫው ያንተ፣ ውሃው የኔ ሆነ እኮ!" አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉት። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በኋላ ወደ ክሊኒክ ሄድሁ። ባለሙያው ተረከዜን በሁለት ጣቱ ጨመቅ አድርጎ አየና ነገሩን አስረዳኝ። የባትን ጡንቻ ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ከሰውነታችን ጅማቶች ሁሉ ብርቱው ነው፤ ነገር ግን ደም በብዛት ስለማይደርሰው ሲጎዳ የሚድነው በዝግታ ነው። ድንገት ሥራ ሲበዛበት ይታመማል። ፈጽሞ ማረፍም አይበጀውም፤ ሥራ ያጣ ጅማት ይደክማልና፣ ሰውየው ደኅና ሆንሁ ብሎ ሲነሣ መልሶ ይጎዳዋል። መድኃኒቱ ልክ ያለው ሥራ ነው።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቀኝ። "በቅርቡ ሲፕሮ ወስደሃል?" አለኝ። ወስጄ ነበር፤ ለተቅማጥ ብዬ ከሱቅ ገዝቼ። ለካስ ሲፕሮፍሎክሳሲንና የዚያ ወገን የሆኑ አንቲባዮቲኮች በአንዳንድ ሰው ላይ ጅማትን ይጎዳሉ፤ ይልቁንም ይህንኑ የተረከዝ ጅማት እስከ መበጠስ ሊያደርሱት ይችላሉ። ሐኪም አዝዞላችሁ እየወሰዳችሁ ጅማታችሁን ካመማችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ንገሩት። ያለ ትእዛዝ ግን ከሱቅ እየገዛችሁ አትዋጡ። በሠፈራችን ይህን የማያደርግ ጥቂት ስለሆነ ነው እዚህ ላይ አስረዝሜ የጻፍሁት።

የታዘዘልኝ ሥራ ቀላል ነው፤ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ሃካን አልፍሬድሰን የሚባሉ የስዊድን ሐኪም በ1990 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1998) ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ዘዴ ነው። በደረጃ ጠርዝ ላይ በእግር ጣት ይቆማል፤ በሁለቱም እግር ወደ ላይ ይነሣሉ፤ ከዚያ ክብደትን በታመመው እግር ላይ አድርገው ተረከዙ ከጠርዙ በታች እስኪወርድ ድረስ ቀስ ብለው ይወርዳሉ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ጉልበትን ቀጥ አድርጎ፤ እንደዚሁም ጉልበትን ጎንበስ አድርጎ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ12 ሳምንት።

በቤቴ ደረጃ የለም። ያገኘሁት የቦኖውን የሲሚንቶ ጠርዝ ነው። ጧት ተሰላፊው ሳይበዛ፣ ማታም ፀሐይ ስትጠልቅ እዚያ ቆሜ ስወጣና ስወርድ፣ መጀመሪያ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። አንዱ "ይህ ደግሞ የምን ስግደት ነው?" አለ። ጥቂት ሳምንት ሲያልፍ ግን የሠፈሩ ልጆች፣ ሱማሌው፣ ኮንጎው፣ ሱዳኑ፣ ዙሪያዬን ከበው በስዋሂሊ ይቆጥሩልኝ ጀመር፤ "ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ!" አንድ ጊዜ 14 ላይ ላቆም ብል አልለቀቁኝም።

ወደ ሩጫ የተመለስሁት በውል ነው። ሕመሙን ከዜሮ እስከ አሥር በቁጥር እሰጠዋለሁ። ዜሮ ምንም የሌለው፣ አሥር ደግሞ ሊታሰብ የሚችለው የመጨረሻው ሕመም ነው። ስሮጥ ከአምስት ካለፈ አቆማለሁ። በማግሥቱ ጧት የመጀመሪያዋ እርምጃ ከትናንት ጧቷ ካልባሰች ውሉ ጸንቷል፤ ከባሰች ያን ቀን አልሮጥም። ሁለት ቀን ተከታትዬ አልሮጥም። ኪኒን ውጬ አልሮጥም፤ አፉን ያስያዝሁት ተረከዝ እውነቱን ሊነግረኝ አይችልምና። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል ቆርጬ በጫማዬ ውስጥ ከተረከዙ ሥር አስገባሁ፤ ተረከዙ ከፍ ሲል ጅማቱ ብዙ አይወጠርም። ጫማውም በልክ እንዲሆን ሚቱምባ ገበያ ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ። ከሪዮዎቹ ሯጮች አንዱ፣ ጀምስ ኛንግ ቺየንግጂየክ፣ ልክ ባልሆነ የውሰት ጫማ እየሮጡ ይጎዱ እንደ ነበረ ተናግሯል።

የምግብ ነገርም አለ። ራሽን ከተቀነሰ ወዲህ ሆዱ ሳይሞላ የሚሮጥ ሰው ጅማቱም አጥንቱም የሚጠገንበትን አያገኝም። ስለዚህ ራሽኑ በሚያልቅበት የወሩ መጨረሻ ሳምንት ረጅም ሩጫ አንሮጥም፤ ልጁ ቢቆጣም በዚህ አልተሸነፍሁለትም።

ሁሉም ሕመም ግን በዚህ ውል አይገዛም። አጥንት ላይ በአንድ ጣት ሊጠቆም የሚችል፣ ተኝታችሁም የማይተዋችሁ ሕመም ከሆነ ሩጫውን ፈጽሞ አቁማችሁ ታዩ። ተረከዝ አካባቢ እንደ ድንጋይ ምት "ጧ" ብሎ በጣት መቆም ካቃታችሁም ዛሬ ነገ ሳትሉ ወደ ክሊኒክ ሂዱ።

ቀኑ ደረሰ። በጥር ወር በአንዱ ቅዳሜ፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ፣ እኔና ልጁ ተነሣን። እስከ ሰባተኛው ዙር ሕመሜ ሁለት ነበረ። በስምንተኛው ሦስት ሆነ። በዘጠነኛው አምስት ሆነ። በአሥረኛው ቁጥር መስጠቱን ተውሁ፤ ምክንያቱም ግራ እግሬ የቀኙን ሥራ ደርቦ ሲሠራ፣ ጥላዬም በመሬት ላይ ሲያነክስ አየሁት። 30 ኪሎ ሜትር ሞላሁና በግራሩ ሥር ተቀመጥሁ። ከጧቱ 2 ሰዓት ከሩብ ይሆናል።

እዚያ ተቀምጬ ያለቀስሁ መሆኔን አልደብቃችሁም። እዚህ ያለን ሰዎች ብዙ ነገር አቋርጠናል፤ ትምህርት አቋርጠናል፣ ሥራ አቋርጠናል፣ ጋብቻ ያቋረጠም አለ። አንዱንም በፈቃዳችን አላቋረጥነውም። ስለዚህ "አቁም" የሚል ድምፅ ሲመጣብን እንደ ጠላት እናየዋለን፤ ቢያንስ ይህችን አልተውም እንላለን። አምና ኪኒን አስውጦ ያስሮጠኝ ይኸው እልህ ነበረ።

ከዚያ የአበበ ቢቂላ ነገር ትዝ አለኝ። በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። በ1957 በቶኪዮም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ደገመው። ጥቅምት 10 ቀን 1961 በሜክሲኮ ግን እግሩን አሞት ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ወጣ። ያን ቀን ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈ። በ2016 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2024) ለፓሪስም ሲሳይ ለማ ስለ ተጎዳ ቦታውን ለቀቀና ተጠባባቂው ታምራት ቶላ ገባ፤ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። አበበን በማቋረጡ ያነሰ ሰው ነው የሚል ኢትዮጵያዊ እስካሁን አላጋጠመኝም። ራሴን ከእነርሱ ጋር ማወዳደሬ አይደለም። ግን በግራሩ ሥር ሳስበው፣ ይህ ማቆም ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ነበረ። ማንም አላስቆመኝም። ወስኜ ያቆምሁት እኔ ነበርሁ።

ልጁ አሥራ ሁለተኛ ዙሩን ጨርሶ ሲመጣ ተቀምጬ አየኝና ሊቆም ፈለገ። "ጋሼ፣ ምን ሆኑ?" አለ። "ምንም አልሆንሁ። ሂድ!" አልሁትና ለመጨረሻዎቹ ዙሮች ያስቀመጥሁትን የስኳር ውሃ ሰጠሁት። እየሮጠ ጠጣው። 3 ሰዓት አለፍ ሲል 42 ኪሎ ሜትሩን ከ195 ሜትሩ ጨርሶ ግራሩን በእጁ ነካ፤ ከዚያም እግሬ አጠገብ በጀርባው ተዘረረ። ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ አልተነጋገርንም።

በማግሥቱ ጧት ከመነሣቴ በፊት ፈርቼ እግሬን ዘረጋሁ። የመጀመሪያዋ እርምጃ አመመችኝ፤ ሁለት ወይም ሦስት። ጄሪካኔን አንሥቼ በእግሬ ወደ ቦኖው ሄድሁ። እማማ ተሰልፈው ነበረና ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ "ዛሬስ ውሃውም ያንተ ሆነ?" አሉኝ። የእርሳቸውንም ጄሪካን ጨምሬ ቀዳሁ።

አሁን በየሁለት ቀኑ 8 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ። የቀሩኝን አራት ዙሮችና ያችን 195 ሜትር አልረሳኋቸውም፤ ሕመሙ ሲፈቅድ እንደ ገና እነሣለሁ። እናንተም ተረከዛችሁ ጧት ግትር የሚልባችሁ ካላችሁ አትናቁት፤ አትፍሩትም። ጎሕ ሲቀድ ወደ ቦኖው ኑ። የሲሚንቶው ጠርዝ ለብዙ ሰው ይበቃል፤ የሚቆጥሩልን ልጆችም አሉ።