የወንድሜ ኃጢአት

በዐቢይ ጾም፣ የመፃጉዕ ሰንበት ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልናዘዝ ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ካለው ወይራ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። መስቀላቸውን ተሳልሜ አጠገባቸው ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ከታናሽ ወንድሜ ጋር ዐይንህን ላፈር ከተባባልን አራት ዓመት ሆኖን ነበር። ያጣላን እናታችን ስታርፍ የተወችልን ቤት ነው። ለአባ አንድ በአንድ ዘረዘርኩላቸው። ሳያማክረኝ ቤቱን ማከራየቱን፣ በዘመድ ፊት ማዋረዱን፣ የእናታችንን ተዝካር እንኳ ለብቻው ማውጣቱን ነገርኳቸው። ብዙ ተናገርኩ። አንዳንዱን ስናገር እንባዬ መጣ። አባ ዐይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ልጄ" አሉኝ ስጨርስ፣ "የወንድምህን ኃጢአት ሰማሁ። እሱ ሲመጣ ይፍታህ እለዋለሁ። ያንተን ግን ገና አልነገርኸኝም።"

የምመልሰው አጣሁ። "ሄደህ አስብበትና ና" ብለው አሰናበቱኝ። ቀኖና እንኳ አልሰጡኝም።

በማግስቱ ከቅዳሴ ቆምኩ። የዕለቱ ወንጌል የዮሐንስ ምዕራፍ 5 ነው፤ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ፣ ከአምስቱ መመላለሻዎች በአንዱ፣ 38 ዓመት የአልጋ ቁራኛ ሆኖ የኖረው ሰው ታሪክ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ታሪክ ነው፤ ያን ዕለት ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ጌታ መዳን ይወድ እንደሆነ ሲጠይቀው በሽተኛው እወዳለሁም አልወድምም አላለም። የተናገረው ስለ ሌሎች ሰዎች ነው፤ ውሃው ሲናወጥ አንሥቶ የሚያወርደው ስለ መጥፋቱ፣ ቀድመውት ስለሚገቡት። አልዋሸም። በእርግጥም ሰው አልነበረውም። ሰበብ እውነት ሲሆን ነው የሚከፋው። ወንድሜም ቤቱን በእርግጥ ሳያማክረኝ አከራይቷል። በዚህ እውነት ላይ አልጋዬን አንጥፌ አራት ዓመት ተኛሁበት።

አራቱንም ዓመት ታዲያ ጾም አላጓደልኩም። 55ቱን ቀን ሥጋና ወተት ባፌ አልዞረም፤ የወንድሜን ስም ግን ጠዋት ማታ ሳላምጠው ከረምኩ።

ስንሳሳት ከአፋችን የሚቀድመውን ቃል ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሥጋ ለባሽ ነኝ እንላለን። ዘመኑ ነው፤ ሰይጣን አሳሳተኝ፤ እሷ ባትናገረኝ ኖሮ፤ ደግሞ እግዚአብሔር መሐሪ ነው። ነገሩ ከገነት ጀምሮ የመጣ ነው። አዳም በሔዋን አሳበበ፤ ሔዋን በእባቡ። ሁለቱም የተናገሩት ሐሰት አልነበረም። ሁለቱም ግን "እኔ ነኝ" ማለት አቃታቸው።

ከሰበቦቻችን ሁሉ አክብሮት የሚመስለው ደግሞ ከቅዱስ ቁርባን የምንርቅበት ነው። ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል እስቲ ወደ መቅደሱ የሚቀርበውን እዩ። ሕፃናት በእናቶቻቸው እቅፍ ይቀርባሉ፤ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በምርኩዝ ይቀርባሉ። ዛሬ ዛሬ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ ወጣቶች ሲቀርቡ አያለሁ፤ ባየኋቸው ቁጥር ልቤ በደስታ ይሞላል። እኛ በመካከል ያለነው ግን ነጠላችንን አጣፍተን ከኋላ እንቆማለን። ለምን ሲሉን፣ ሥጋ ወደሙ እሳት ነው፣ ፈርቼ ነው፣ ዕድሜዬ ገፋ ሲል እቆርባለሁ እንላለን። እኔም ስንት ጊዜ ብያለሁ። ያን ዕለት ከኋላ ቆሜ ራሴን መረመርኩ። የራቅሁት ፈርቼ ከሆነ፣ የምፈራው ምን ነበር? ከቀረብኩ ወንድሜን ይቅር ማለት ግድ ይሆንብኛል። የፈራሁት ይህን ነበር። ለእርጅና ያስቀመጥኩት ቅድስና አልነበረም፤ ቂሜን እስከዚያ ለማቆየት ቀጠሮ መያዜ ነበር።

በግዕዝ ኀጥአ ማለት አጣ ማለት ነው፤ ኃጢአት የሚወለደውም ከዚሁ ቃል ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ምን እንዳጣሁ ቆጠርኩ። ወንድሜ ሴት ልጅ ወልዷል። በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ አልነበርኩም፤ ስሟን የሰማሁት ከሰው ነው። መንገድ ላይ ባገኛት አላውቃትም።

ሰበብ ሞልቶት ሳያሳብብ የኖረ ሰው ሳስብ ቅዱስ ሙሴ ጸሊም ትዝ ይለኛል፤ የማውቀው ከሰማሁት ትምህርት ነው። ባሪያ ነበር፤ ቀጥሎም ሽፍታ። በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ፣ በአስቄጥስ፣ መነኮሰ። ኢትዮጵያዊ ነው ይሉታል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ሰኔ 24 ታስበዋለች። ማሳበብ ቢፈልግ ማን እንደሱ በቂ ምክንያት ነበረው! በባርነት መኖሩን፣ በሽፍትነት የለመደውን ሥጋውን መጥቀስ ይችል ነበር። የቀድሞ ፈተናው ገዳም ከገባም በኋላ አልተወውም፤ በሌሊት ይታገለው ነበር። ታዲያ ሌሊት እየተነሣ፣ ውሃ ለመቅዳት አቅም ያጡትን የሽማግሌ መነኮሳት እንስራ እየሞላ በየደጃቸው ያስቀምጥላቸው ጀመር። ለዝርፊያ ይፈረጥም የነበረውን ትከሻ እንስራ አሸከመው። ደክሞኛል የሚልበት ምክንያት ሞልቶ ሳለ ነው ይህን ያደረገው።

በሌላ ጊዜ አንድ መነኩሴ በድሎ ሊፈርዱበት ጉባኤ ተቀመጡ። ሙሴ ቢጠሩት እንቢ አለ፤ ሲያስገድዱት አሸዋ የሞላበት ቀዳዳ ዘንቢል በጀርባው አዝሎ መጣ። ውሃ የሚያንጠባጥብ ዕቃ ነው የሚሉም አሉ። የእኔ ኃጢአት እኔ ሳላየው ከኋላዬ እየፈሰሰ የሌላውን ልፈርድ መጣሁ የሚል ነበር መልእክቱ። መነኩሴው ይቅር ተባለ።

በራሱ ላይ እንስራ ጫነ፣ ለወንድሙ አሸዋ ተሸከመ። እኔ ይህን ገልብጬ ነው የኖርኩት።

ማክሰኞ ወደ አባ ተመለስኩ። የተናገርኩት አጭር ነበር። ቂም ይዣለሁ፤ ስሙን አጥፍቻለሁ፤ ታምሞ እንደነበር ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ወንድሜ ያደረገውን አልጠቀስኩም፤ ምላሴ ላይ ግን ሦስት ጊዜ መጥቶ ተመልሷል። አባ መስቀላቸውን ራሴ ላይ አሳርፈው ይፍታህ አሉኝ። ስግደት አዘዙኝ፤ ከስግደቱም በፊት ግን ደጁን አንኳኳ አሉኝ። ባይከፍትልኝስ ብላቸው፣ "አንተ አንኳኳ፤ መክፈቱ የእሱ ነው" ብለው ተነሡ።

ያን ዕለት ማታ ሄድኩ። ዝናብ እያካፋ ነበር። በሩ ላይ ደርሼ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። በሦስተኛው አንኳኳሁ። ውሻ ጮኸ፤ ከውስጥ ሕፃን ልጅ ሳቀች፤ ቀጥሎ የወንድሜ ድምፅ መጣ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ድምፄን መለየቱን ከዝምታው ዐወቅሁ። የመጣሁበትን ምክንያት፣ የቤቱን ነገር፣ አባ እንደላኩኝ ልነግረው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። መቀርቀሪያው እስኪንቀሳቀስ ድረስ ሌላ ቃል አልጨመርኩም።