ከውዳሴ በፊት የሚመጣው ተግሣጽ

በዚህ ዘመን ግጥም የሚጽፉ ወጣቶች ሥራቸውን ለሕዝብ ባቀረቡ ቅጽበት ውዳሴው ከየአቅጣጫው ሲጎርፍላቸው ሳይ ደስ ቢለኝም፣ ከዚያ ሁሉ ውዳሴ መካከል «ይህ ቤት አልቀናም፣ ምስጢሩም አልተገለጠልኝም» የሚል አንድ ቃል ሳጣ አሳቤ ወደ ቅኔ ቤት ይመለሳል።

በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ በዋድላም ሆነ በጎንደር፣ የቅኔ ተማሪ ግሱንና አገባቡን እያጠና ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚደርሰው፣ አዲስ ቅኔ እየቆጠረ በመምህሩ ፊት ሲነግር ነው። የሚቆጥረው ከሰው ተለይቶ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ነው፤ የሚነግረው ግን ጓደኞቹ በተሰበሰቡበት፣ ከብራና ሳይሆን ከልቡ ነው። መምህሩም ግሱ ቢሳሳት ግሱን፣ የዜማው ልክ ቢጎድል ልኩን፣ ምስጢሩ ቢፋለስ ምስጢሩን ያቃናል፤ ለአንዱ የተሰጠው እርማት ለሰሚው ሁሉ ትምህርት ይሆናል። በማሕሌት ቆሞ «ይበል! ይበል!» የሚባልበት ቀን የሚመጣው ይህን ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። አባቶቻችን ተግሣጽን ከውዳሴ ማስቀደማቸውን እንደ ታላቅ ጥበብ እቆጥረዋለሁ።

ይልቁንም የሰምና ወርቅን ነገር ሳስበው የአድማጭ ሥልጣን ምን ያህል እንደ ሆነ ይታየኛል። ባለቅኔ ወርቁን በሰም የሚሸፍነው ሰሚው እንዲደርስበት አምኖ ነው፤ ሽፋኑ እጅግ ቢወፍር ወርቁ ተቀብሮ ይቀራል፣ እጅግ ቢሳሳም ሰሚው የሚመረምረው ነገር ያጣል፤ ይህን ልክ ባለቅኔው የሚያገኘው ከሰሚዎቹ ፊት እንጂ ከግስ መጽሐፍ አይደለም። ሊቃውንቱ ሰሙን ብቻ ሰምተው ዝም ያሉ እንደ ሆነ ያ ዝምታ ከብዙ ቃል ይልቅ ያስተምረዋል። ጥፋቱ ሁልጊዜ የባለቅኔው ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ ያልሠለጠነ ጆሮ ወርቅ ቢቀርብለትም አይለየውምና ሰሚም እንደ ተቀኚው መማር አለበት።

ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ቃል ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው ማሳተማቸውን ሳስብ፣ ስሙ የተጠራ ገጣሚ እንደ ደቀ መዝሙር ተቀምጦ ማዳመጡ ልቤን ይነካዋል። ሌላውን በትዕግሥት የሰማ ሰው የራሱን ግጥም በሌላ ጆሮ መስማት የሚቀለው ይመስለኛል።

ማተሚያ ቤት ከመጣ ወዲህ ገጣሚው የአንባቢውን ፊት ማየት አጣ፤ በአዳራሽ የሚነበበው ግጥምም ፊቱን ቢመልስለት፣ ጭብጨባ ቶሎ የሚያገኘው ቶሎ የሚያስቀው ስንኝ ስለ ሆነ፣ ብዙ ባለ ተሰጥዖዎች ለጭብጨባው ሲሉ የጠለቀውን ትተው የቀለለውን ሲከተሉ አያለሁ። ይህ እጅግ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ፣ ግጥም የምታነቡ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ አደራ የምላችሁ ይህን ነው፤ ለምትወዱት ገጣሚ ምስጋናችሁን ስትልኩለት፣ ልባችሁ የተነካበትን ቤት ለይታችሁ፣ አሳቡ ያመለጣችሁንም ቤት ሳታፍሩ ጠቅሳችሁ፣ ከሰሙ በታች ምን እንደ ተረዳችሁ በራሳችሁ ቃል ጻፉለት። እናንተም ገጣምያን፣ አንባቢ ያልደረሰበትን ምስጢር ለማስረዳት ከመቸኮላችሁ በፊት ግጥሙን አንድ ጊዜ እንደ ባዕድ ሥራ አንብቡት።